በግድቡ ላይ የተተከለ አካፋ

«ሰርዘውታል ወይስ አልሰረዙትም? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«አርሜዋለሁ።»

«ከዳር እስከ ዳር በቀይ ተሰምሮበታል፣ ጋሽ ጌቱ። እርማት እንዲህ ነው?»

ጋሽ ጌቱ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። ኮምቦልቻ አሥራ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ኦስሎ ከገቡ ሠላሳ አንድ ዓመት ቢያልፋቸውም ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም። የአዳራሹ በር በተከፈተ ቁጥር የየካቲት ብርድ ከሰው ጋር ይገባል። የሚገባው ሁሉ የጫማውን በረዶ ምንጣፉ ላይ እያራገፈ፣ በእሳቸውና በእትዬ ሙሉ ጠብ ጎን ሹልክ ብሎ ወደ ወንበሩ ያልፋል። ጆሮውን ግን ይዞ ያለፈ አልነበረም።

ጠቡ የተነሳው በመዝገቡ ነው። የኦስሎው የሮምሶስ ሰፈር ዕድር አንድ ወፍራም መዝገብ አለው። ስም፣ ስልክ፣ የቤተሰብ ብዛት ከተጻፈ በኋላ በመጨረሻ «የሚሸኝበት አገር» የሚል ዓምድ ይመጣል። ደንቡ አጭር ነው፤ አባል ሲያርፍ እዚሁ ኦስሎ ቅበሩኝ ካለ እዚሁ ይቀበራል፣ አለዚያ ዕድሩ ወደ አገሩ ይሸኘዋል። በዚያ ዓምድ ሥር አንዱ ጎንደር፣ አንዱ ነቀምት፣ አንዱ ይርጋለም ብሎ ጽፏል። ባለፈው ወር መዝገቡ ሲታደስ ሙሉ «ሜርቬንደ፣ ሆላንድ» ብላ ጻፈች። ዛሬ ለመፈረም ገልጣ ብታየው ተሰርዟል፤ ከበላዩም በጥንቃቄ በተጣለ የአስተማሪ ጽሕፈት «ኢትዮጵያ» ተብሏል።

«እህቴ፣» አሉ ጋሽ ጌቱ መነጽራቸውን መልሰው እያደረጉ፣ «ደንቡ ወደ አገሩ ነው የሚለው፤ ወደ ኖረበት አይልም። እንደዚያማ ከሆነ እኔ ገዳሪፍ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ሱዳን ውሰዱኝ ልበል?»

«ገዳሪፍ የቀበሩት ሰው አለ?»

«የለም።»

«እኔ ሜርቬንደ ባሌን ቀብሬያለሁ።»

«በየነን ነፍሱን ይማረው። ባል የተቀበረበት የባል መቃብር ነው። አገር ግን እትብት የተቀበረበት ነው። ይህን እኔ አላመጣሁትም። የት ነው የተወለድሽው?»

«ያውቁታል።»

«ይሁን፣ ለሰው ይሰማ።»

ሙሉ የተወለደችበትን መንደር፣ ሰባት ዓመት ሲሆናት፣ የመብራት ኃይል ግድብ ውሃ በልቶታል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ መጀመሪያ የከብቶቹን መስክ ሸፈነ፤ ልጆቹ ሁሉ ደስ ብሏቸው ሲንቦራጨቁበት ዋሉ። ቀጥሎ አውድማውን ያዘ። አንድ ቀን አባቷ የቤቱን በር ነቅሎ በራሱ ተሸከመና መንገድ ጀመረ፤ እናቷ ከኋላ፣ ልጆቹ ከእናታቸው ኋላ ተከተሉ። የጮኸ ሰው አልነበረም። ከሃምሳ ዓመት በኋላም ሙሉን የሚያንገበግባት ውሃው ሳይሆን ያ ዝምታ ነው።

«ውሃ ውስጥ ተወለድኩ ልበልዎት?»

«ከውሃው ዳር ያለችው ከተማ ትጻፍልሽ ብዬሻለሁ እኮ።»

«ያቺ ከተማ ለእናቴ ጥላ እንኳ አልሰጠቻትም። መንገድ ዳር በቆርቆሮ ሥር ነው ያረጀችው። እናቴን በቁሟ ያልተቀበለች ከተማ የኔን ሬሳ ምን ልታደርገው ነው?»

ይህን ጊዜ ልጇ ዮሐና ገባች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እዚያው ሮምሶስ፣ ባርነሃገ በሚሉት የሕፃናት መዋያ ትሠራለች። የእናቷን ድምፅ ገና ከደረጃው ሰምታ ኖሮ ፊቷ ቀልቷል።

«እማ፣ በቃ ተይው። ሰው እያየ ነው።»

«ይይ።»

«ኢትዮጵያ ተብሎ ቢጻፍ ምን ይሆናል? ጊዜው ሲደርስ እኔ አለሁ አይደል፣ እኔ እወስድሻለሁ።»

«አንቺ ለብቻሽ ልትሸከሚኝ አይደለም ዕድር የገባሁት። አሥራ አራት ዓመት የሰው ሬሳ ስሸኝ፣ ድንኳን ስተክል፣ ሳህን ሳጥብ የኖርኩት የኔ ቀን ሲመጣ ሰው አብሮኝ እንዲቆም ነው። ደግሞም በየነ ጎኑን ለኔ ብሎ ትቶልኛል። ቦታው ተለክቶ ተቀምጧል።»

ጋሽ ጌቱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሲናደዱ ይጮኻሉ እንጂ ዝቅ አይሉም፤ ስለዚህ ሙሉ ጆሮ ሰጠቻቸው።

«ስሚኝ ሙሉ። አንቺን ለመበደል አይደለም። ዛሬ ያንቺን ብንቀበል ነገ እነዚህ ልጆች ሮምሶስ፣ ማዮርስቱን እያሉ በኦስሎ ሰፈር ይሞሉታል። ከነገ ወዲያ ያ ዓምድ ራሱ አያስፈልግም ይባላል። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት አገሬን አላየሁም። ያለኝ ይህ መዝገብ ነው።»

አሳዘኗት። ቢሆንም ቃሏን አላነሳችም። «እንግዲያው ጉባኤው ይስማኝ። የአገር ሰዓት ላይ ልናገር።»

የአገር ሰዓት የሚባለው የጋሽ ጌቱ የራሳቸው ሥራ ነው። በየወሩ የዕድሩ ጉዳይ ሲያልቅ አንድ አባል ተነሥቶ የአገሩን ታሪክና መልክዐ ምድር ሩብ ሰዓት ይናገራል። ልጆቹ አገራቸውን ይወቁ ብለው ነው የጀመሩት፤ የሚመጡት ግን ሽማግሌዎቹ ናቸው። የዛሬው ተራ የጸሐፊው የልደቱ ነበር። ልደቱ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ስለ ደብረ ማርቆስ እናገራለሁ እያለ ሦስት ወር አስተላልፏል።

«እኔ ተራዬን ለእትዬ ሙሉ ሰጥቻለሁ፣» አለ ከወንበሩ ሳይነሣ። «ማርቆስ የትም አትሄድም።»

«አንተ ዝግጅት ስላልሠራህ ነው፣» አሉ ጋሽ ጌቱ።

«እሱም አለበት ጋሼ።»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ጌቱ ግን አልሳቁም። የአዳራሹን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በመዳፋቸው አገላበጡት፤ ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ አዳራሹን ለዕድሩ ከፈቀደ ጀምሮ፣ ዘጠኝ ዓመት፣ ቁልፉ ከእሳቸው እጅ ወጥቶ አያውቅም።

«ልናገር ካለች ትናገር፤ አፍ አልይዝም። ግን ያቺ የሆላንድ መንደር በዚህ ጉባኤ ፊት አገር ተብላ ከተመዘገበች፣ እኔ የዚህ ዕድር ሰብሳቢ አይደለሁም።»

ቃላቸውን የማያጥፉ ሰው መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። ዮሐና የእናቷን ክንድ ያዘች። ሙሉ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ወደ ኩሽናው ገባች።

ስትመለስ ሰፊ የዕቃ ማጠቢያ ሳህን ውሃ ሞልታ በሁለት እጇ ይዛ ነው። የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ከጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ሳበችና አምስት የሻይ ስኒዎች አፋቸውን ደፍታ ወንበሩ ላይ ደረደረች። አርባ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አንገቱን አሰገገ።

«ይህ የሜርቬንደው ሐይቅ ነው፣» አለች ሳህኑን እየነካች። «ይህ የሳህኑ ጠርዝ ግድቡ ነው። እነዚህ ስኒዎች ቤቶቹ ናቸው። የኔ ይቺ ጆሮዋ የተሰበረው ናት።»

«ቆይ፣ ቤቱ ከሐይቁ በታች ነው?» አለ ልደቱ።

«በታች ነው። በጋ ላይ ደጃፌ ተቀምጬ ሽንኩርት ስልጥ ጀልባ ከጣሪያዬ በላይ ያልፋል።»

«ዓሣው በመስኮት አይገባም?»

«አንተ ብትሆን ግባ ትለው ነበር።»

ከኋላ የነበሩት ተነሥተው ቀረብ አሉ። ሙሉ ንግግር የለመደች ሴት አይደለችም። ጠዋት ጠዋት የኦስሎ ወደብ ዳር፣ ቢየርቪካ፣ አንድ የመሥሪያ ቤት ሕንፃ ታጸዳለች፤ ሰባቱንም ፎቅ ሰው ሳይገባ ስለምትጨርስ ቃል የምትለዋወጠው ከራሷ ጋር ነው። ይህንንም ታሪክ ስንት ጠዋት ለራሷ ተርካዋለች።

«ሐይቁ እግዜር የሠራው አይደለም፤ ራሳቸው ናቸው የሠሩት። በጥንት ጊዜ እዚያ ያለው ሁሉ ረግረግ ነበር። ረግረጉን ሲቆፍሩት ጥቁር፣ የሚነድ አፈር አገኙ። እንደ ኩበት ቆርጠው፣ ደርድረው፣ በነፋስ አድርቀው ከተማ ወስደው ሸጡት። ከተሜው በእሱ ሞቀ፣ በእሱ ጠላውን ጠመቀ። እነሱም በዚያ ኖሩ። ልጅ አባቱ ካቆመበት ይቀጥላል፤ የልጅ ልጅም እንዲሁ። የቆሙበትን መሬት እያነደዱ መሆናቸውን ያወቁት ጉድጓዱ ሁሉ ውሃ ሲሞላ ነው። በጉድጓዶቹ መካከል እንደ መደብ የተረፈውን ቀጭን መሬት ደግሞ ነፋስና ማዕበል በላው። እንዲህ ሆኖ ሐይቅ ሆነ። የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያናቸውም ከነግንቡ እዚያ ገባ።»

«የእጃቸውን አገኙ፣» አሉ ከፊት ወንበር እትዬ ሃይማኖት። የዕድሩ ሁሉ ታላቅ ናቸው፤ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው።

«አገኙ እትዬ። ግን በር ነቅለው አልሄዱም።» ሙሉ እዚህ ላይ ትንፋሽ ወሰደች። «አፈር እየተሸከሙ ግድብ ሠሩ። በነፋስ የሚዞር ወፍጮ አቆሙ፤ እህል የሚፈጭ ሳይሆን ውሃ የሚጠርግ። የሐይቁን ግማሽ ጠርገው አፈሰሱት፤ ወለሉ ላይ ሣር ዘሩ፣ ላም አሠማሩ። ግማሹን መመለስ አልቻሉም፤ እሱን እዚህ ቁም አሉት። እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል። እኔ ውሃን ቁም ሲሉት ያየሁት እዚያ ነው። እዚህም ቢየርቪካ የማጸዳው ሕንፃ መርከብ ሲቆምበት በነበረ ዳርቻ ላይ ነው ያለው፤ ማንም አንተ ውሃ እንጂ አገር አይደለህም አላለውም።»

«ይህ ጥሩ ጂኦግራፊ ነው፣» አሉ ጋሽ ጌቱ ከበሩ አጠገብ። ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው። «ግን የእነሱ ነው።»

«ይቆዩኝ። ግድቡ የንጉሥ አልነበረም፤ የየቤቱ ነበር። እያንዳንዱ ቤት በእርምጃ የተለካ ድርሻ አለው፤ አይጥ የቆፈረውን፣ በግ የረገጠውን የሚደፍነው ባለድርሻው ነው። አቅም ያነሰው ሰው ደግሞ ሕግ ነበረው። አካፋውን አምጥቶ ድርሻው ላይ ይተክልና ይሄዳል። ያን አካፋ የነቀለ ሰው መሬቱንም ሸክሙንም ይወስዳል። የሚሄደውን ማንም አይሰድበውም፣ ተመለስም አይለውም። አካፋው ተናግሯል፤ ሌላ ንግግር ነውር ነው።»

ለጥቂት ጊዜ ሰው ሁሉ ወደ ሳህኑ ጠርዝ ተመለከተ፤ አካፋውን እዚያ የሚፈልግ ይመስል ነበር።

ጋሽ ጌቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሙሉ፣ አዳምጬሻለሁ። አሁንም ጥያቄዬ ያው ነው። እትብት የት ነው?»

«የኔን ውሃ በልቶታል ብያለሁ። የዮሐና ግን አለ።»

ዮሐና ቀና አለች። «የኔ ምን?»

ሙሉ ልጇን አላየቻትም። ቀጥታ ለጋሽ ጌቱ ነበር የምትናገረው። «እዚያ አገር አዋላጇ ቤት ድረስ ትመጣለች። ዮሐና የተወለደችው በዚህች ስኒ ውስጥ ነው። በሰባተኛው ቀን እትብቷ ደርቆ ወደቀ። እናቴ ብትኖር የት እንደሚቀበር ትነግረኝ ነበር። ጓሮ ልቅበረው ብል ጓሮው ትንሽ ሲነካ ውሃ ያፈልቃል። ውሃ ሊበላው ነው፤ እንደኔ ሊሆን ነው አልኩ። መንደሩ ውስጥ ደረቅና ከፍ ያለ መሬት አንድ ብቻ ነው ያለው።»

«እንዳትይኝ፣» አለ ልደቱ።

«ግድቡ ነው። እሑድ ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲገባ የበየነን አካፋ ይዤ ወጣሁ። ክንዴ እስከ ክርኑ እስኪገባ ቆፈርኩ። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ አኖርኩት፤ አፈሩንም መለስኩ። መመለሴ ነው እንግዲህ፤ አራስ ሴት ምን ጉልበት አላት።»

እትዬ ሃይማኖት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«በሁለተኛው ቀን የግድቡ ጠባቂ አገኘው። ኮርኔሊስ የሚሉት ረጅም ሽማግሌ ነው፤ በብስክሌት ነበር የሚዞረው። እዚያ መንደር ሰው ቢሰክር ይቅር ይባላል፣ ቢሰርቅም ይታለፋል። ግድብ መቆፈር ግን የሰውን ሁሉ በር ከፍቶ ውሃውን ግባ ማለት ነው። አራት ሰው አስከትሎ ደጃፌ መጣ። በየነ አመድ መሰለ። ይመልሱናል አለ፤ ያን ጊዜ ወረቀታችን ገና አልጸናም። እኔ ቋንቋ የለኝም። ሕፃኗን አምጥቼ ልብሷን ገለጥኩና እምብርቷን አሳየሁት። ከዚያ በጣቴ ወደ ግድቡ። ምን ያህል ጥልቅ ነው ብሎ በእጁ ጠየቀኝ። ክርኔን አሳየሁት።»

«አወጡት?» አለች ዮሐና።

«አላወጡትም። በጋሪ ሸክላ አፈር አመጡና ከላዩ ደለደሉት፤ አምስቱም ሆነው በእግራቸው ረገጡት። ሲጨርስ ኮርኔሊስ መዝገቡን አወጣ። ስሜን ጠየቀኝ፣ ጻፈው። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ካስማ እስከዚያ ካስማ ያንቺ ነው፣ ቢያፈስ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ አለኝ፤ በየነ ነው ያስረዳኝ። አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። አሥራ አንድ ዓመት፣ በየመኸሩ፣ አሥራ ሁለት እርምጃዬን ስዳብስና ስደፍን ኖርኩ። በየነን የቀበርኩ ሳምንትም ዳብሼዋለሁ። አሁን የኮርኔሊስ ልጅ ነው የሚያይልኝ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ይጽፍልኛል፤ ደህና ነው፣ አላፈሰሰም ይለኛል።»

ከጠረጴዛው ኋላ ወጥታ ወደ ጋሽ ጌቱ ሁለት እርምጃ ቀረበች።

«ቢያፈስ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ ያለኝ ሌላ አገር የለም፣ ጋሽ ጌቱ። የተወለድኩበትም ውጪ ነው ያለኝ። የእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ ያንን አይሰርዘውም።»

መጀመሪያ የተናገረችው ዮሐና ናት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፈርኩ። እናቴ ግድብ ቆፋሪ ናት እንዳትይኝ።»

«ያ፣ ያ፣» አለች ዮሐና በኖርዌይኛ፣ እሺ እሺ እንደማለት። ተነሥታ ወደ ጠረጴዛው ሄደችና ጆሮዋ የተሰበረችውን ስኒ በጣቷ ነካ አደረገቻት።

«ጌቱ፣» አሉ እትዬ ሃይማኖት። «እትብት አልክ፤ እትብት አመጣችልህ። ምን ይሁን ትላለህ?»

«የልጅቷ ነው እንጂ የእሷ አይደለም።»

«እናት ልጇ አገር ልቀበር ብትል ከልካዩ ማነው? እኔ የልጆቼ አባት አገር ብዬ ሐረርን አልጻፍኩም? ትውልዴ ሐረር አይደለም እኮ፤ ያን ጊዜ ዝም ብለኸኛል።»

ለመቃወም እጁን ያወጣ አልነበረም፤ ድምፅ ይቆጠር ያለ የለም። ልደቱ መዝገቡን ጎተተ፣ ገለጠ፣ መስመር ሊስብ እስክሪብቶውን አነሣ። «እንግዲህ ይህን ኢትዮጵያ የሚለውን...»

«ተው፣» አለች ሙሉ። «እሱ ይቆይ። እኔ የሰው አገር አልሰርዝም። ከሥሩ የኔን ጻፍልኝ።»

ልደቱ በጠባቡ ቦታ፣ ከቀዩ መስመር ሥር፣ በደቃቃ ፊደል ጻፈ። ጽፎም ጮክ ብሎ አነበበው።

ከዚያ የአገር ሰዓት ከሩብ ሰዓቱ አለፈ። ሰው ሁሉ ሳህኑን ከበበው። አንዱ ውሃው ከታች ሰርጎ አይወጣም ወይ አለ፤ ሌላው በብርድ ወራት ሐይቁ በረዶ ሲሆን ግድቡን አይሰነጥቀውም ወይ ብሎ ጠየቀ። ጣና ዳር ያደገ አንድ ሰው የለም፣ ይህ ውሸት ነው፣ ውሃ ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን አይታዘዝም አለና ክርክር ተነሣ። ልደቱ ውሸት ከሆነ እናፍስሰውና እንየው ብሎ የሳህኑን አንድ ጎን ከፍ ሲያደርገው ሴቶቹ ተንጫጩ። ዮሐና ሁለተኛ ሳህን ልታመጣ ወደ ኩሽና ሄደች፤ አሥራ ሁለቱ እርምጃ ከየት እስከ የት እንደሆነ እናቷ በትክክል እንድታሳያት ፈልጋለች።

ሙሉ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ በሰዎቹ ትከሻ መካከል፣ ጋሽ ጌቱ ካፖርታቸውን ሲለብሱ አየች። አዝራሮቹን እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ኮፍያቸውን አደረጉ። ቀይ እስክሪብቷቸው ኪሳቸው ውስጥ መኖሩን በእጃቸው አረጋገጡ። ከዚያ የአዳራሹን ቁልፍ አወጡና በውስጥ በኩል በሩ ላይ ሰኩት፤ እንደተሰካ ተዉት። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ጠረጴዛው ዞር ብለው ሳህኑን አዩ፤ ሙሉን አላዩም።

በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። የገባው ብርድ ቁርጭምጭሚቷን ነካት።

«እትዬ ሙሉ፣ ታዲያ በጉ ግድቡ ላይ ምን ይሠራል?» አለ ልደቱ።

«ሣሩን ይግጣል፣» አለች ሙሉ። «ሥሩ እንዲጠብቅ።»